ችግኝ ከማደላችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

ክረምት ሲገባ ከአራት ኪሎ እስከ ልደታ የጎመንና የቆስጣ ችግኝ ይዛችሁ በበጎ ፈቃድ የጎረቤት ደጅ ስታንኳኩ ማየት ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ፤ ችግኙን ከመስጠታችሁ በፊት ውኃ አጠጣጡን አስተምሩ። በጆንያና በባልዲ የተተከለ አትክልት ውኃ ሲበዛበትም ይሞታል፤ ምልክቱም ሰው ያሳስታል። ሥሩ አየር ሲያጣ ውኃ መሳብ ያቆማል፤ አፈሩ ረጥቦ ሳለ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ የታችኛውም ቢጫ ይሆናል። የቤቱ ሰው መጠውለጉን ብቻ አይቶ ውኃ ይጨምርበታል። ያኔ አበቃለት።

ስለዚህ እማወራዋ ራሳቸው ጣታቸውን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ እናንተ አታድርጉላቸው። እርጥበት ከተሰማቸው ያን ቀን ውኃ የለም። ከደረቀ በጠዋት ከጆንያው ወይም ከባልዲው ታች እስኪንጠባጠብ ያጠጡ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማርከፍከፍ ላይ ላዩን ብቻ ስለሚያርስ ሥሩ ወደ ታች አይወርድም።

ግቢ ለሌለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ የ50 ኪሎ ጆንያ ይበቃዋል። ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅሉ። ታችና ላዩ የተቆረጠ ጣሳ መሐል አቁማችሁ ጠጠር ሙሉበት፤ ዙሪያውን አፈር እየሞላችሁ ጣሳውን ቀስ በቀስ ወደ ላይ ሳቡት። የጠጠሩ ዓምድ ከሌለ ውኃው ላይ ይቀርና የታችኞቹ ችግኞች ይጠማሉ። ጎኑን በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት እያፈራረቃችሁ ቅደዱና 4 ወይም 5 ቅጠል ያወጣ ችግኝ አመሻሽ ላይ ትከሉ። ቀትር ላይ የተተከለ ሥሩ ሳይዝ ፀሐይ ይመታዋል።

አፈሩ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። የጋራዥ ደጅ አፈር የተቃጠለ ዘይትና የባትሪ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ለሚበላ ነገር አይሆንም። የሲሚንቶ ፍርስራሽ የበዛበት አፈር ላይ ደግሞ አዲሱ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ እንደሆነ መሐሉ ቢጫ ይሆናል፤ ተክሉ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ብረት መውሰድ አቅቶታል ማለት ነው። የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ የሚገባበትን የአቃቂ ወንዝ ውኃም ለቅጠላ ቅጠል አትጠቀሙ።

በበጋ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ይመጣል። የጎመኑን ለጋ ቅጠል ገልብጣችሁ አሳዩ፤ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስለው እሱ ነው። በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ፣ መጀመሪያ በአንድ ቅጠል ሞክሩት። በማግስቱ ካልተቃጠለ አመሻሽ ላይ የቅጠሉን የታችኛውን ገጽ ርጩ፤ ከ5 ቀን በኋላ ይደገም። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ግን ቅጠል ያቃጥላል።

ደግሞ ማዳመጥም አለባችሁ። ጤና አዳምና ዳማከሴ ዕድሜ ልካቸውን ያሳደጉ እትዬዎችና ጋሼዎች በየሰፈሩ ሞልተዋል። የጥብስ ቅጠል ቅርንጫፍ በምን ወቅት ቢቆረጥ እንደሚይዝላቸው፣ የትኛው ጥግ ውርጭ እንደሚነካው ጠይቋቸውና ጻፉት፤ ለቀጣዩ ቤት የምታስተምሩት ይሆናል።

በሳምንቱ ተመለሱ፤ ጣት አስገብተው ያሳዩዋችሁ። አዝመራው ሲደርስ የታችኛውን ቅጠል ብቻ እየቀነጠሱ ጫፉ ላይ 5 ያህል እንዲያስቀሩ ንገሯቸው። ከሐበሻ ጎመኑ ጠንካራውን አንድ እግር ሳይቀነጥሱት ያብብ። ፍሬ መያዣው ሲገረጣ ቆርጠው በወረቀት ከረጢት ጥላ ውስጥ ያድርቁት፤ ለጎረቤትም የሚተርፍ ዘር ይወጣዋል።