ቆላ ዝንብ፦ የዘር ግንዱና አሰፋፈሩ በጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እኛ አገር ገንዲን፣ ማለትም የከብቶችን በሽታ፣ የሚያስተላልፈው ቆላ ዝንብ አንድ ዓይነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ አምስት ናቸው። ፓሊዲፔስ፣ ሰብሞርሲታንስ፣ ፉስሲፔስ፣ ታኪኖይደስ እና ሎንጊፔኒስ። የሁሉም ወገን ግሎሲና ነው።

ጥያቄ፦ ከሌላው ዝንብ በምን እለየዋለሁ?

መልስ፦ ሲያርፍ ክንፎቹ እንደ ተዘጋ መቀስ አንዱ በሌላው ላይ ይተኛሉ፤ መውጊያው ወደ ፊት ይቀሰራል። ጥርጣሬ ካለዎት ክንፉን በአጉሊ መነጽር ይዩት፦ መሃል ላይ በክንፉ ጅማቶች የታጠረች፣ ቁርጥ የመጥረቢያ ምላጭና እጀታ የመሰለች ክፍል አለች። ይህች ምልክት በሁሉም ዝርያዎቹ ላይ አለች።

ጥያቄ፦ «የጫካ»፣ «የወንዝ ዳር»፣ «የሣር ምድር» የሚባሉት ሦስት ምድቦች በመኖሪያ ነው የተከፈሉት ወይስ በዘር?

መልስ፦ ስሙ የመኖሪያ፣ ክፍፍሉ ግን የዘር ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ምድቦቹ መጀመሪያ የተለዩት በወንዱ የመራቢያ አካል ቅርጽ ሲሆን፣ የዲኤንኤ ጥናትም በአመዛኙ አጽንቶታል። ሎንጊፔኒስን እንይ። ትውልዱ ከፉስካ፣ ማለትም «ከጫካው» ምድብ ነው፤ የሚኖረው ግን በደቡብ ኢትዮጵያና በኬንያ ደረቅ የግራር ምድር ነው። መኖሪያውን ብቻ ያየ ሰው ከሣር ምድሩ ምድብ ከፓሊዲፔስ ጋር ይደምረዋል። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ያለው አውስተኒ ደግሞ የሁለት ምድብ መልክ የተቀላቀለበት ስለሆነ፣ አንዳንዶቹ ተመራማሪዎች ለብቻው አራተኛ ምድብ ሰጥተውታል።

ጥያቄ፦ የቅርብ ዘመዶቹስ?

መልስ፦ በፈረስና በከብት ላይ የሚጣበቁት ጠፍጣፋ ዝንቦች፣ እንዲሁም በሌሊት ወፍ ላይ የሚኖሩት ናቸው። ሁሉም ደም ይመጥጣሉ፤ ሁሉም እንቁላል ከመጣል ይልቅ ያደገ እጭ ይወልዳሉ።

ጥያቄ፦ ለምን አፍሪካ ውስጥ ብቻ ቀረ?

መልስ፦ ድሮ እንዲህ አልነበረም። አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ፍሎሪሳንት በተባለው ቦታ 34 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የግሎሲና ቅሪተ አካላት ተገኝተዋል። ዛሬ ከአፍሪካ ውጭ የሚታወቀው በደቡብ ምዕራብ ዓረብ ምድር፣ ጂዛን አካባቢ ነው።

የሚያስረው አወላለዱና ብርዱ ነው። እናት በማኅፀኗ አንድ እጭ ብቻ በወተት ታሳድጋለች፤ በየ9 እና 10 ቀኑ አንድ ትወልዳለች። እጩ ጥላ ያለበት ልል አፈር ውስጥ ገብቶ ሙሽሬ (በቅርፊት ተሸፍኖ ወደ ዝንብነት የሚለወጥበት ደረጃ) ይሆናል፤ ለአንድ ወር ያህልም ምግብ ሳይቀምስ ከእናቱ በወረሰው ስብ ብቻ ይቆያል። ብርድ ሲበዛ ዕድገቱ ይዘገያል፤ ዝንቡ ሳይፈለፈልም ስቡ ያልቃል። ደጋችን የገደበው ለዚህ ነው፤ በጊቤ፣ በዲዴሳ፣ በዓባይ፣ በባሮና በመሳሰሉት ቆላማ ሸለቆዎች የተወሰነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ለዲኤንኤ ናሙና እንዴት ልያዝ? ያለፈው ዙር ውጤቴ የላም ዲኤንኤ ሆኖ ወጣ።

መልስ፦ ሆዱን ፈጭተው ይሆናል፤ እዚያ ያለው የጠጣው ደም ነው። እግሮቹን ብቻ ይጠቀሙ። ዝንቡን እንደያዙ 95 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል ይክተቱ፤ በማግስቱ አልኮሉን ይቀይሩ፣ ከዝንቡ የሚወጣው ውኃ ያቀጥነዋልና። መለያውን በእርሳስ ይጻፉ፤ የእስክሪቢቶ ቀለም በአልኮል ይታጠባል።

ኮክስ 1 በተባለው የማይቶኮንድሪያ ዘረመል ብቻ የዘር ግንድ አይሥሩ። እሱ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው፤ በፉስሲፔስ ላይ የእናት መስመሩ ከንዑስ ዝርያዎቹ ጋር አልገጠመም። ከኒውክለስ ዲኤንኤ አይቲኤስ 1 የተባለውን ክፍል ይጨምሩ፤ የግንዱን ሥር ለመለየት ማነጻጸሪያ እንዲሆን ከጠፍጣፋዎቹ ዝንቦች አንዱን ያስገቡ።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ዝምድና ለገበሬው ምን ይፈይዳል?

መልስ፦ ወጥመዱን ይወስንለታል። የሣር ምድሩ ምድብ ፓሊዲፔስ በአሴቶንና በላም ሽንት ሽታ ከሩቅ ይሳባል። የወንዝ ዳር ምድቦቹ ፉስሲፔስና ታኪኖይደስ ግን ለሽታው እምብዛም ግድ የላቸውም፤ ለእነሱ ወንዝ ዳር ዳር በየርቀቱ የሚተከል፣ ፀረ ተባይ የተነከረ 25 በ25 ሴንቲ ሜትር ሰማያዊ ጨርቅ ከዚያው መጠን ካለው ጥቁር መረብ ጋር ይሻላል።