«ዘግተኸዋል?» ለሚለው ጥያቄ ስንት ጊዜ ልመልስ?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ከወለደች 8 ወር ሆናት። ከዚያ ወዲህ ቡታጋዙን ዘግታ ከተኛች በኋላ እንደገና ትነሣለች፤ በአንድ ሌሊት 10 እና 15 ጊዜ ይሆናል። እኔንም «ዘግተኸዋል? እርግጠኛ ነህ?» ትለኛለች። ካልመለስኩላት ታለቅሳለች። አንድ አማካሪ ጋ 6 ጊዜ ሄደን የተወራው ስለ ልጅነቷና ስለ አባቷ ብቻ ነው። ሌላው ደግሞ ሐሳቡ ሲመጣ «በቃ!» በይው አላት። እናቷ ጸበል ትግባ ይላሉ። ትክክለኛው ሕክምና የቱ ነው? እኔስ መመለሴን ልቀጥል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የገለጹልን ነገር ኦሲዲ ከሚባለው፣ የማይፈለግ ሐሳብ እየተመላለሰ አንድን ድርጊት ደጋግሞ ከሚያስደርገው ሕመም ጋር በጣም ይመሳሰላል። በደብዳቤ ግን ምርመራ አይደረግምና ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ሊያያት ይገባል። ከወሊድ በኋላ መጀመሩ እንግዳ አይደለም። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ሰውን የሚይዘው አብዝቶ በሚሳሳለት ነገር በኩል ነውና፣ ባለቤትዎ ጥፋተኛም ደካማም አይደለችም።

«ጋዙ ክፍት ቢሆንስ? ልጄ ብትታፈንስ?» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ ጭንቀት ይከተላል፤ ተነሥታ ታያለች፤ ጭንቀቱ ይበርዳል። ችግሩ ያለው መብረዱ ላይ ነው። አእምሮዋ «ያዳነን ተነሥቼ ማየቴ ነው» ብሎ ይይዘዋል፤ በማግስቱም ከዚያ ሌላ መውጫ አያውቅም። ደጋግሞ ማየት ደግሞ እርግጠኝነትን ይሸረሽራል እንጂ አይጨምርም። በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰዎችን በኮምፒውተር የተሠራ የጋዝ ምድጃ ደጋግመው እንዲፈትሹ አደረጓቸው። ሰዎቹ የመጨረሻውን ፍተሻ በትክክል ያስታውሱት ነበር፤ ነገር ግን ትዝታቸው ደብዝዞ፣ በገዛ ትዝታቸው ላይ ያላቸው እምነት ቀንሶ ተገኘ። ባለቤትዎ ለ10ኛ ጊዜ ስትነሣ ከመጀመሪያው ይልቅ የምትጠራጠረው ለዚህ ነው። የእርስዎም «አዎ፣ ዘግቼዋለሁ» ከፍተሻው ይቆጠራል። የሚመልሱት በፍቅር ነው፤ የሚቀለበው ግን ሕመሙ ነው።

ወደ ሕክምናው እንምጣ። የመጀመሪያው አማካሪ የተከተሉት ከሐኪሙ ከሲግመንድ ፍሮይድ የመጣውን፣ የተደበቀ የውስጥ ግጭት የሚፈልገውን መንገድ ይመስላል። ይህ መንገድ በሰው ግንኙነት ውስጥ ደጋግሞ ለሚመጣ ችግር ይጠቅማል፤ ፍተሻን ለማስቆም ግን ጠንካራ ማስረጃ የለውም። «በቃ በይው» የሚለው ምክር የባሰ ነው፤ የታፈነ ሐሳብ በርትቶ ይመለሳል፣ ቃሉ ራሱም ሌላ የግዴታ ልማድ ይሆናል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ካርል ሮጀርስ ያስተማሩት ሳይፈርዱ የማዳመጥ ዘዴ ባለሙያውን እንድታምነው ያደርጋታል፤ ብቻውን ግን ከኩሽና አያስቀራትም።

ለዚህ ሕመም በጣም የተፈተነው የሥነ ልቦና ሕክምና መጋፈጥና ምላሽ መከልከል ይባላል፤ የሚያስጨንቀውን ነገር መጋፈጥ፣ ፍተሻውን ግን መተው ማለት ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያው ቪክቶር ሜየር ለንደን ውስጥ ካከሟቸውና በ1966 እ.ኤ.አ. ካሳተሙት የሁለት ሰዎች ውጤት በመነሣት ነው የታወቀው። ባለሙያውና ባለቤትዎ የሚያስጨንቋትን ሁኔታዎች ይዘረዝራሉ፤ ለእያንዳንዱም እንደሚያስጨንቃት መጠን ከ0 እስከ 100 ነጥብ ትሰጣለች። ለምሳሌ ቀን፣ እርስዎ እቤት እያሉ፣ ጋዙን አንድ ጊዜ ዘግቶ ከኩሽና መውጣት 35 ሊሆን ይችላል፤ ሌሊት ሳይነሡ ማደር 70፤ ልጅቷን አዝሎ ሳይመለሱ ከቤት መውጣት 90። የሚጀመረው ከ30 እስከ 40 ነጥብ ከተሰጠው ነው። አንድ ጊዜ ዘግታ ትወጣለች፣ አትመለስም፣ በየ10 ደቂቃው የጭንቀቷን ቁጥር ትጽፋለች። በየቀኑ ይደገማል። ጋዙን ክፍት ትታ ትተኛ ማለት አይደለም፤ ማንም እንደሚያደርገው አንዴ መዝጋት ነው። ጭንቀቱ በዚያው ሰዓት ባይወርድም አልከሸፈም፤ ሳታይ መቆየት እንደምትችል እየተማረች ነው። ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ይፈጃል፤ ሥራው በአብዛኛው ያለው በቀጠሮዎቹ መካከል፣ በቤት ልምምዱ ነው። ከአእምሮ ሐኪሙ ከአሮን ቤክ የመጣው የአስተሳሰብ ሕክምናም አብሮ ይሄዳል፤ «አንድ ነገር ቢደርስ ጥፋቱ ሁሉ የእኔ ነው» የሚለውን ግምት ይመረምራል።

ልምምዱ የሚበላሽባቸው መንገዶች አሉ። የቡታጋዙን መዝጊያ በስልክ ፎቶ አንሥቶ አልጋ ላይ ማየት ፍተሻ ነው። መዝጋቷን በልቧ እየደጋገመች ማስታወስም ፍተሻ ነው። «ቤቱ ጋዝ ጋዝ አይልህም?» የሚለውም ያው ጥያቄ ነው፣ ልብሱን ቀይሮ መጣ እንጂ። ከ90 መጀመር ደግሞ አስደንግጦ ሕክምናውን ያስተዋታል።

እርስዎ ዛሬ ማታ በድንገት ዝም አይበሉ፤ እንደ ቅጣት ይሆንባታል። ልጅቷ በተኛችበት ሰዓት፣ ቀን ላይ፣ ተነጋገሩ፤ ቢቻል ባለሙያው ባለበት። ለምሳሌ በመጀመሪያው ሳምንት በሌሊት አንድ መልስ ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ምንም። የምትሉትንም ቃል አስቀድማችሁ ምረጡ፦ «ይህን የሚጠይቀው ሕመሙ ነው ብለን ተስማምተናል። አልመልስልሽም፤ አጠገብሽ ግን ነኝ።» ስለ ጋዙ ክርክር ውስጥ አይግቡ።

ሕመሙ ከበረታ የአእምሮ ሐኪም እንደ ፍሉኦክሰቲን ወይም ሰርትራሊን ያለ መድኃኒት ሊያዝላት ይችላል። ለኦሲዲ የሚሰጠው መጠን ለድብርት ከሚሰጠው ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፣ ለውጡም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል፤ በ3ኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብለው የሚያቆሙ ብዙ ናቸው። የምታጠባ ከሆነ ይህን ለሐኪሙ አስቀድማ ትንገር። አማችዎን በጸበሉ አይጣሏቸው፤ ጸበልና ሕክምና አብረው ይሄዳሉ፣ መድኃኒቱ ብቻ እንዳይቋረጥ። መኖር አልፈልግም ካለች፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማች፣ ወይም ስለ ልጅቷ ከእውነታ የራቀ እምነት ካደረባት ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዷት።

ባለሙያ ስትፈልጉ በስልክ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ኦሲዲን በምን ዘዴ ያክማሉ? የቤት ልምምድ ይሰጣሉ? እኔስ አብሬ እገባለሁ? ለመጀመሪያው «እያወራን ይወጣል» የሚል መልስ ካገኙ አመስግነው ወደ ሌላ ይደውሉ።