እቶኑ መቼ ይከፈት? ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ሸክላ ከተተኮሰ በኋላ እቶን ስለማቀዝቀዝና ስለመክፈት የጠየቃችሁትን ሰብስቤያለሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

የኤሌክትሪክ እቶኔን ማታ አጠፋሁት። ጠዋት ውጪው ቀዝቅዟል። ልክፈተው? (ከኮምቦልቻ)

የውጪውን ግድግዳ አትመኚ። ጡቡ የተሠራው ሙቀት እንዳያሳልፍ ስለሆነ ውስጡ ገና እሳት ሊሆን ይችላል። መለኪያውን እዪ። ከ200 ዲግሪ በላይ ከሆነ ንክች አታድርጊው። ከ100 በታች ሲወርድ ክዳኑን ጣት በምታህል ክፍተት አንሺው። እኔ ዕቃ የማወጣው ወደ 50 ሲደርስ ነው።

አንድ ዘዴ ልንገርሽ። ትንሽ ስትከፍቺው ቁጥሩ ቶሎ ይወርዳል። መልሰሽ ዝጊና ጥቂት ደቂቃ ጠብቂ። ቁጥሩ ሽቅብ ከተመለሰ የቀዘቀዘው አየሩ ብቻ ነው፤ መደርደሪያውና ዕቃው ገና እንደጋሉ ናቸው።

ያን ሁሉ እሳት የቻለ ዕቃ ሲቀዘቅዝ ለምን ይሰነጠቃል?

ሸክላ ውስጥ ኳርትዝ የሚባል ማዕድን አለ። 573 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ ሲሞቅ በድንገት ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ በድንገት ይኮማተራል። በከፍተኛ ሙቀት የተተኮሰ ሸክላ ደግሞ 220 አካባቢ ሌላ መኮማተር ሊገጥመው ይችላል። አፉ ቀዝቅዞ ቂጡ ከጋለ አንዱ ሲኮማተር ሌላው እምቢ ይላል። ሰፊ ሳህንና ወፍራም ዕቃ ላይ ይብሳል።

መቼ እንደተሰነጠቀ ለማወቅ ጠርዙን እዩ። መስታወት መሰሉ ቅብ ወደ ስንጥቁ ፈሶ ጠርዙን ካለዘበው፣ ቀድሞውኑ ተሰንጥቆ ነበር። ጠርዙ እንደ ምላጭ ስል ከሆነ ግን ሲቀዘቅዝ ነው። በባዶ ጣት አትዳብሱት ታዲያ።

አያቴ ጀበናውን ከነፍሙ በእንጨት እየሳበች ታወጣዋለች። እሷ ምነው አልተሰነጠቀባት? (ከደሴ ዙሪያ)

ጭቃዋ ሌላ ነዋ! አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ያለበት፣ በኩበትና በእንጨት የተተኮሰ ጭቃ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳ አለው። ስንጥቅ ሲጀምር እነሱ ጋ ይቆማል። ጀበናው ክብ መሆኑም ይረዳል። የእሷን ሙያ አደንቃለሁ፤ በከፍተኛ ሙቀት በተተኮሰና በተቀባ ዕቃ ላይ ግን አትሞክረው።

የእንጨት እቶን ነው ያለን። ቶሎ እንዲቀዘቅዝ የጦሳ ተራራን ንፋስ እናስገባበት? (ከደሴ)

በጭራሽ። እሳቱ ሲያበቃ የማገዶውን አፍና የጭስ መውጫውን በጡብና በጭቃ ድፈኑ፣ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ። በሩን ከንፋስ ጋር ፊት ለፊት አታድርጉት። ፍም እያለ ደግሞ ለሙቀቱ ብላችሁ አጠገቡ እንዳትተኙ። የሚገድለው ጋዝ አይሸትም።

ጓንቴን ውሃ ነክሬ ላውጣው?

ኧረ ተዪ! ውሃው እንፋሎት ሆኖ እጅሽን ይቀቅለዋል። ደረቅ ወፍራም የቆዳ ጓንት ይሻላል። ናይለን ልብስም አትልበሺ፤ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

እየቀዘቀዘ ሳለ መብራት ቢሄድስ?

አብሽሪ፣ በራሱ ይቀዘቅዛል። ግን እጅሽን ከማስገባትሽ በፊት ዋናውን ማጥፊያ አጥፊ። መብራት ሲመለስ እቶኑ ራሱ ሊነሳ ይችላል።

ካወጣሁት በኋላ «ጢን፣ ጢን» ይላል።

ቅቡ እየተሰነጠቀ ነው። ገና ሲሞቅ ካወጣሽው ምክንያቱ ያ ሊሆን ይችላል። ቀዝቅዞ ወጥቶም ለቀናት ከጮኸ ግን ቅቡና ጭቃው አልተስማሙም፤ ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ አያድነውም። ቅቡን ቀይሪ። ያንን ሳህን ለምግብ ብለሽ አትሽጪው።