በቤታችሁ ሞተር ሳይክል ለምትፈቱ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

ከፋብሪካው ውጭ የተሠራ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ)፣ ፍሬቻ ወይም ተጨማሪ መብራት ገዝታችሁ ራሳችሁ ልትገጥሙ ስትነሡ ዐይናችሁ የሚያርፈው በአዲሱ ዕቃ ላይ ነው። አዲሱ ዕቃ ግን ብቻውን የሚያስቸግረው አልፎ አልፎ ነው። መከራው ያለው ከአሮጌው ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ነው፤ በብሎኑ ጥርስ፣ በሽቦው መቀጠያ፣ በጓርኒሲዮኑ (በሁለት አካላት መጋጠሚያ መካከል ገብቶ ማሾለክን በሚከለክለው)፣ መሪው በሚታጠፍበት አንገት ላይ። ካርቶኑ ላይ «ለሁሉም ሞዴል ይሆናል» የሚል ካያችሁ «ለአንዱም በልኩ አልተሠራም» ብላችሁ አንብቡት።

ሳትፈቱ በፊት ፎቶ አንሡ፤ ሽቦው በየት በኩል እንዳለፈ ማታ ላይ ማንም አያስታውስም። የፈታችኋቸውን ብሎኖች ካርቶን ቀዳድታችሁ በነበሩበት አቀማመጥ ሰኳቸው። ጎን ለጎን የሚቀመጡ ብሎኖች በርዝመት 5 ሚሊሜትር ሊለያዩ ይችላሉ፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ክዳኑን ሳያጠብቅ ከታች ይነክሳል፣ እናንተም «ገና አልጠበቀም» እያላችሁ ስትጨምሩ ጥርሱን ትበሉታላችሁ። በጃፓን ሞተር ሳይክሎች ላይ ያለው ባለ መስቀል ብሎን ደግሞ ተራውን ካቻቢቴ አይወድም። የጃፓን ደረጃ የሆነው መስቀል ቅርጹ በጥቂቱ ይለያል፤ ተራው ካቻቢቴ ጫን ሲሉት እየተንሸራተተ ይወጣና የብሎኑን ራስ ይልጠዋል። ለዚሁ የተሠራውን ካቻቢቴ አንድ ጊዜ ግዙ።

አሁን ወደ ብሎኑ ጥርስ እንግባ። የሞተሩ አካል አሉሚኒየም ነው፣ ብሎኑ ብረት ነው። ሁለቱ ሲጣሉ ተሸናፊው አሉሚኒየሙ ነው። ስለዚህ ብሎኑን መጀመሪያ ወደ መፍቻው አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ ጥርሱ መነሻውን ሲያገኝ ቀጭ ብሎ ዝቅ ይላል። ከዚያ በጣታችሁ ብቻ ሦስት አራት ዙር አጥብቁት። በጣት እምቢ ካለ ተጣሟል፤ ቁልፍ አታምጡበት። በ10 ቁልፍ የሚፈታው ብሎን ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 6 ሚሊሜትር ነው። ጀማሪው የቁልፉን ቁጥር ያይና ወፍራም ብሎን የያዘ ይመስለዋል። ይህ ብሎን የሚፈልገው የማጥበቂያ ኃይል 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ሲሆን፣ 20 ሳንቲሜትር ርዝመት ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ ወደ 5 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ማለት ነው። ባለ 8 ሚሊሜትሩ ከ20 እስከ 25 ይወስዳል። የሞዴላችሁ መጽሐፍ ሌላ ቁጥር ከሰጠ የመጽሐፉ ይበልጣል። ጥርሱን ግራሶ ከቀባችሁት ደግሞ በዚያው ቁጥር ብሎኑ ከልኩ በላይ ይወጠራል፤ መጽሐፉ ቅቡ ካላለ ቁጥሩ የተሰጠው ለደረቅና ንጹሕ ጥርስ ነው።

በንዝረት እንዳይላላ የሚጨመረው የብሎን ሙጫ ሰማያዊው ይበቃችኋል፣ ያውም አንድ ጠብታ። ቀዩን በቤታችሁ አታስገቡት፤ ለመፍታት እሳት ያስፈልገዋል። ሁለቱም ፕላስቲክ ላይ ከፈሰሱ ፕላስቲኩን ሊሰነጥቁት ይችላሉ።

ከሁሉም በላይ ወጣቶችን የሚያሰናክለው ኤሌክትሪኩ ነው። ባትሪውን ስትፈቱ ኔጋቲቩን አስቀድሙ፣ ስትመልሱ ኔጋቲቩን አስከትሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሻሲው በሙሉ ኔጋቲቭ ስለሆነ ኔጋቲቩ ሳይነቀል ፖዘቲቩን የያዘው ቁልፋችሁ ሻሲውን ከነካ እሳት ይረጫል። ተጨማሪ መብራት ልታስገቡ ነው እንበል። እያንዳንዳቸው 30 ዋት የሆኑ ሁለት መብራቶች 60 ዋት ናቸው፤ ለ12 ቮልት ስታካፍሉት 5 አምፔር ይመጣል። ይህን ከፋብሪካው የፊት መብራት ሽቦ ላይ አትስረቁ፤ ያ ሽቦም ማብሪያውም ለዚህ አልተሠሩም። ሪሌ ተጠቀሙ፤ በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ ነው፣ እግሮቹም ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነሥታችሁ ወደ 30 ቁጥር እግር ግቡ፣ 87ን ለመብራቱ ስጡ፣ 86ን ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ ሽቦ በማብሪያችሁ በኩል አምጡ፣ 85ን ከኔጋቲቭ አገናኙ። ባለ 7.5 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ ይቀመጥ። ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ መብራቱን አይደለም፤ ከባትሪ እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ምንም ጠባቂ የለውም፣ ስለዚህ ይጠር። ፊውዙ ሲቃጠል በትልቅ የሚተካ ሰው ቀጥሎ የሚያቃጥለው ሽቦውን ነው።

ሽቦ ሳይቆረጥ የሚነክሱትን ፈጣን መቀጠያዎች እኔ አልወዳቸውም። ቀጫጭኖቹን የመዳብ ክሮች ይቆርጣሉ፣ ውሃ ያስገባሉ፣ መዳቡ አረንጓዴ ይለብሳል፤ ከወራት በኋላ መብራቱ በጉድጓድ ላይ ብልጭ ድርግም ሲል ጥፋቱ የት እንዳለ ማግኘት ፈተና ነው። በብየዳ ወይም በትክክለኛ መጭመቂያ ቀጥሉና በሙቀት በሚኮማተር ልባስ ሸፍኑ።

የኤልኢዲ ፍሬቻ ገጥማችሁ ቶሎ ቶሎ ከበራ አትደንግጡ። የድሮው ፍላሸር (ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ዕቃ) ብዙ ኤሌክትሪክ የሚጠጣ አምፖል ነበር የሚያውቀው፤ ፍጆታው ሲያንስ አንዱ አምፖል የተቃጠለ ይመስለዋል። ለኤልኢዲ የሚሆን ፍላሸር ቀይሩ። በየፍሬቻው የሚታሰረው ሬዚስተርም ያስተካክለዋል፣ ግን ይግላል፤ ከፕላስቲክ ጋር ካሰራችሁት ያቀልጠዋል።

ሽቦም ሆነ ገመድ በመሪው አንገት በኩል ካለፈ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አጥፉና እዩ። ሞተሩ ተነሥቶ መሪው ሲታጠፍ ድምፁ ከፍ ካለ የነዳጁ ገመድ እየተወጠረ ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ሆኖ መንዳት አይቻልም። ከፍ ያለ መሪ የገጠመ ሰው ይህን አይለፈው፤ ገመዱም የፍሬኑ ቱቦም ሊያጥሩ ይችላሉ።

ማርሚታ ላይ ሰዎች የሚሳሳቱት በቅደም ተከተሉ ነው። የድሮው ጓርኒሲዮን ጥላሸት ለብሶ የሲሊንደሩ አፍ አካል ይመስላል፤ ሳያወጡት አዲሱን ከላዩ የሚጭኑ ብዙ ናቸው። አውጡት። ሁሉንም በእጅ ላላ አድርጋችሁ ያዙ፣ ከዚያ በሲሊንደሩ በኩል ያሉትን ዳዶዎች እያፈራረቃችሁ አጥብቁ፣ ቀጥሎ የመሃሉን መያዣ፣ መጨረሻ ማንጠልጠያውን። ማንጠልጠያውን ካስቀደማችሁ ቱቦው ተጣሞ ይታሰርና ንዝረቱ በብየዳው ላይ ይሰነጥቀዋል። ሳታስነሡት የጣት አሻራችሁን በአልኮል ጥረጉ፤ ከጋለ በኋላ አይለቅም። የነዳጁን መያዣ ከመጠምዘዝ ስትለቁት ተከታታይ የፍንዳታ ድምፅ ከሰማችሁ በመጋጠሚያው አየር ይገባ እንደሆነ መጀመሪያ ፈትሹ። ካርቡሬተር ያለው ከሆነና ካንዴላው ነጭ ሆኖ ከወጣ ነዳጁ አንሷል፤ ትንሽ ከፍ ያለ ጂግለር (በካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጁን የሚለካ ባለ ቀዳዳ ዕቃ) ይፈልጋል።

ካቴናው የሚዞርበት የፊተኛው ጥርስ ብዛት ከ15 ወደ 14 ቢቀነስ በዚያው ፍጥነት ሞተሩ 7 በመቶ ያህል አብልጦ ይሽከረከራል፤ ፍጥነቱ ከማርሽ ሳጥኑ የሚለካ ከሆነ ቆጣሪው አብልጦ ያሳያችኋል። መቆለፊያ ባለው ካቴና ላይ የመቆለፊያው ዝግ ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዙር።

ፍሬንን የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ሳይቆም አትንኩ። ቱቦው በተፈታ ቁጥር ሁለቱም የመዳብ ሮንዴላዎች ይቀየራሉ፤ ከፍሬን ዘይት ዓይነቶች ዶት 5 ከዶት 4 ጋር አይደባለቅም፤ ዶት 4 ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ ይታጠባል።

በአንድ ቀን አንድ ዕቃ ብቻ ግጠሙ። ሦስት ነገር ቀይራችሁ አዲስ ድምፅ ከመጣ የማን እንደሆነ አታውቁም። በገጠማችሁት ብሎን ላይ ከራሱ እስከ አካሉ በቀለም አንድ መስመር አስምሩ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ነድታችሁ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ተመልከቱት፣ መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል። የፋብሪካውን ዕቃ ከነብሎኑ በካርቶኑ አስቀምጡት፤ ጥፋቱ ከአዲሱ ይሁን ከሌላ ስትጠራጠሩ መልሳችሁ ትገጥሙታላችሁ።