ኳስ ያልያዘች ተከላካይ የሯጯን መንገድ ስትዘጋ

የሶፍትቦል ዳኛ ከሆንክና መንገዷ የተዘጋባት ሯጭ እዚያው አውት ከተደረገች (ከሩጫው ከወጣች) አውቱ አይጸናም። ሯጯ ከ2ኛ ወደ 3ኛ ቤዝ (ሯጮች የሚረግጡት ማረፊያ) ስትሄድ መንገዷን የዘጋችው ተከላካይ ኳስ ካልያዘችና የተመታ ኳስ እየተጫወተች ካልነበረ ኦብስትራክሽን (ሯጭን ማደናቀፍ) ነው። የተከላካይዋ አሰልጣኝ «ንክኪ የለም» ማለቱ ለውጥ የለውም፤ ሯጯ ፍጥነቷን መቀነሷ ወይም መስመሯን መቀየሯ ይበቃል።

1. ግራ እጅህን ወደ ጎን ዘርጋ፤ ጨዋታውን ወዲያው አታስቁም።
2. በእነዚያ ሁለት ቤዞች መካከል አውት ካደረጓት ያኔ አስቁምና መሰናክሉ ባይኖር ትደርስበት የነበረውን ቤዝ ስጣት። 3ኛ አትደርስም ነበር ካልክ ወደ 2ኛ ትመለሳለች እንጂ አውት አትሆንም፤ ቤዝ እንደ መዝለል ያለ የራሷ ጥፋት ካልኖረ በቀር።

ከልምዴ አንድ ነገር ልጨምር፦ የምትሰጣትን ቤዝ መንገዷ በተዘጋበት ቅጽበት በልብህ ወስን። አሰልጣኞቹ ከበውህ ማስላት ከጀመርክ ውሳኔህን ማንም አያምነውም።