መስመር ለሚቆራረጥባቸው ሰርቨሮች የቱ ኤጀንት ይሻላል?

እህቴ ሰላም። ጥያቄሽን በደንብ አነበብኩት። ዋናው ቢሮ ጥቂት የሊኑክስ ሰርቨሮች አሏችሁ፣ ክልል ቅርንጫፎች ላይ ሁለት፣ ውጭ አገር የተከራያችሁት አንድ ቪፒኤስ (ቨርቹዋል ሰርቨር)። ትንሹ ማሽን ራሙ 1 ጊጋ ብቻ ነው፤ የቅርንጫፎቹ ኢንተርኔትና መብራትም ይቆራረጣል። ሲፒዩ፣ ሜሞሪ፣ ዲስክና ኔትወርክ የሚሰበስብ፣ ማሽኑን የማያከብድ፣ ከአንድ ድርጅት ምርት ጋር የማያቆራኝ ኤጀንት፣ ማለትም ማሽኑ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ፕሮግራም፣ ፈልገሽ ኖድ ኤክስፖርተር ይሻላል ወይስ የኦፕን ቴሌሜትሪ ኮሌክተር ብለሽ ጠይቀሻል።

ለቅርንጫፎቹና ለቪፒኤሱ ኮሌክተሩን ጫኚ። ዋናው ቢሮ ላይ ኖድ ኤክስፖርተር ካለሽ አትንኪው፤ ኮሌክተሩ ከእሱም ማንበብ ይችላል። ሰው ሁሉ የሚከራከረው በክብደት ነው፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው መስመር ሲጠፋ መረጃው የት እንደሚገባ ነው።

ኖድ ኤክስፖርተር ምንም አያስቀምጥም። ፖርት 9100 ላይ ሆኖ፣ ቁጥሮቹን ማዕከል ላይ ሰብስቦ የሚያከማቸው ፕሮሜቲየስ መጥቶ እስኪጠይቀው ይጠብቃል፤ ሲጠየቅ የዚያችን ቅጽበት ቁጥር ይሰጣል፣ በቃ። ቅርንጫፉ ፐብሊክ አይፒ ሳይኖረው ከራውተር ጀርባ ከተቀመጠ ወደ ውስጥ ለመግባት ቪፒኤን መዘርጋት ይኖርብሻል። ያም ተሳክቶ መስመሩ ሦስት ሰዓት ከጠፋ የሦስት ሰዓቱ መረጃ ተመልሶ አይገኝም። ማየት የምንፈልገው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ሰዓት ነው፤ መብራት መጥቶ ሰርቨሩ ሲነሳ ዲስኩ ምን ያህል እንደተጨናነቀ፣ ሜሞሪው የት እንደደረሰ።

ኮሌክተሩ ራሱ ነው የሚልከው። ሆስትሜትሪክስ የሚባለው ሪሲቨር (የኮሌክተሩ መቀበያ ክፍል) ቁጥሮቹን ከሲስተሙ ያነባል፤ ከዚያ ኦቲኤልፒ በተባለው ክፍት ፕሮቶኮል ወደ ማዕከል ይወጣሉ፣ በጂአርፒሲ ከሆነ ወደ ፖርት 4317፣ በኤችቲቲፒ ከሆነ ወደ 4318። ቅርንጫፉ ላይ ከውጭ የሚከፈት ፖርት አያስፈልግሽም። ማዕከሉ ላይ ግን ያለ ምስጠራ (ቲኤልኤስ) እና ያለ መግቢያ ቁልፍ (ቶከን) ፖርቱን ለዓለም ክፍት አድርገሽ እንዳትተዪው።

አሁን ዋናው ነገር። ኮሌክተሩን እንደ ወረደ ከተጠቀምሽበት የመላኪያ ወረፋው ያለው ሜሞሪ ላይ ነው፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። መላክ ካልቻለ ደግሞ 300 ሰከንድ ያህል ሞክሮ የመረጃውን ጥቅል ይጥለዋል። አምስት ደቂቃ ለእኛ አገር ቅርንጫፍ ምንም አይደለም። ስለዚህ ፋይል ስቶሬጅ የሚባለውን ኤክስቴንሽን አብሪና ወረፋውን ዲስክ ላይ አድርጊው፤ የሙከራውን ከፍተኛ ጊዜም 0 አድርጊ፣ ይህ ማለት እስኪሳካ ድረስ ሳይተው ይሞክራል። የወረፋው ዲፎልት መጠን 1000 ጥቅል ነው። ሆስትሜትሪክስ በየደቂቃው አንዴ ስለሚያነብ በደቂቃ አንድ ጥቅል ከወጣ ወደ 16 ሰዓት ተኩል ይይዝልሻል። ቅዳሜና እሁድ ሙሉ መስመር የሚጠፋበት ቅርንጫፍ ከሆነ ወደ 4000 ከፍ አድርጊው።

ተቀባዩ ፕሮሜቲየስ ከሆነ ግን ይህ ብቻ አይበቃም። ፕሮሜቲየስ የዘገየ መረጃ በዲፎልት አይቀበልም፤ ሌሎቹ ሰርቨሮች የአሁኑን ሰዓት እየላኩለት ቅርንጫፉ የጠዋቱን ይዞ ቢመጣ አርጅቷል ብሎ ይመልሰዋል። ከቅደም ተከተል ውጭ የሚመጣን መረጃ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚቀበል የሚወስነውን የጊዜ መስኮት ከወረፋሽ ርዝመት ጋር አስተካክይው። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ ወረፋው በትክክል እየሠራ ግራፉ ላይ ግን ክፍተቱ እንዳለ የሚቀርባቸውን ቦታዎች አይቻለሁ፤ ሰዎቹ ኤጀንቱን ሲወቅሱ ይከርማሉ። የኦቲኤልፒ መቀበያውም ፕሮሜቲየስ ላይ በዲፎልት ዝግ ነው፣ መክፈት አለብሽ።

ሰዓትም እንዲሁ። ፕሮሜቲየስ መጥቶ ሲያነብ የሚመዘገበው የራሱ ሰዓት ነው፤ ኤጀንቱ ሲልክ ግን የሚመዘገበው የቅርንጫፉ ማሽን ሰዓት ነው። የማዘርቦርዱ ባትሪ የሞተበት ሰርቨር መብራት ጠፍቶ ሲነሳ ከዓመታት በፊት ያለ ቀን ይዞ ሊነሳ ይችላል፤ መረጃው ሁሉ ውድቅ ይሆናል። ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚያስተካክለውን ክሮኒ ጫኚ፣ ኤጀንቱም ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ እንዲነሳ በሲስተምዲ (የሊኑክስ አገልግሎት አስነሺ) እዘዢው። ባትሪውንም ቀይሪው፣ ዋጋው ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያንሳል።

ስለ ክብደቱ። ኮንትሪብ የሚባለው የኮሌክተሩ ስሪት የማትፈልጊያቸውን ብዙ ክፍሎች ይዞ ይመጣል፤ ለ1 ጊጋዋ ማሽን ኮሌክተር ቢልደር በሚባለው መሣሪያ የሚያስፈልግሽን ብቻ መርጠሽ ብትገነቢው ፋይሉ በጣም ይቀንሳል። ሜሞሪ ሊሚተሩን (የኮሌክተሩን ሜሞሪ የሚገድበውን) ኮንፊጉ ውስጥ ካሉት ፕሮሰሰሮች ሁሉ መጀመሪያ አድርጊው፣ በሲስተምዲም የሜሞሪ ጣሪያ ስጪው። ከሁሉ በላይ የሚያከብደው የምትሰበስቢው ነገር ብዛት ነው። ስክሬፐሮቹ (የሆስትሜትሪክስ ቁጥር አንባቢዎች) ውስጥ በነጠላ ቁጥር የተጻፈው ፕሮሰስ ማሽኑ ላይ ላለው ለእያንዳንዱ ሂደት የራሱን መስመር ይፈጥራል፤ በብዙ ቁጥር የተጻፈው ብዛታቸውን ብቻ ይቆጥራል። ሁለተኛው ይበቃሻል።

ዲስክ ላይ እውነተኛ ዲስክ ያልሆኑትን የፋይል ሲስተሞች፣ ስኩዋሽኤፍኤስን፣ ቴምፕኤፍኤስንና ኦቨርሌይን፣ ከቁጥሩ አውጪ። ኡቡንቱ ላይ በስናፕ የተጫኑ ፕሮግራሞች ሁልጊዜ 100 ከመቶ የሞሉ ሆነው ነው የሚታዩት፤ በእነሱ የተነሳ ሌሊት ሌሊት አላርም የሚጮህበት ቡድን ከጊዜ በኋላ አላርም ማየት ይተዋል። ከቦታው ጋር የአይኖዱንም (ለእያንዳንዱ ፋይል የሚመደበውን መዝገብ) ቁጥር ተከታተዪ፤ ትናንሽ ፋይል የሚበዛበት ሰርቨር ቦታ እያለው ዲስኩ ሞልቷል ይላል። ሜሞሪ ላይ "ፍሪ" የሚለውን አትመኚ፣ ሊኑክስ ትርፉን ለካሽ ስለሚጠቀምበት ሁልጊዜ ትንሽ ነው፤ "አቬይለብል" የሚለውን አብሪ። ሲፒዩ በዲፎልት የሚመጣው በሰከንድ ድምር ነው፣ መቶኛ ከፈለግሽ ዩቲላይዜሽኑን ራስሽ ታበሪዋለሽ። ቪፒኤሱ ላይ "ስቲል" የሚለውን እዪ፤ እሱ ከፍ ካለ ሲፒዩሽን እየተሻማ ያለው ጎረቤት ነው፣ ያንቺ ፕሮግራም ጥፋት የለበትም። ኮሌክተሩን በዶከር ካስነሳሽው ደግሞ የሆስቱን ሩት ፎልደር ለንባብ ብቻ አስገቢለትና ሩት ፓዝ የሚለውን ሴቲንግ ወደዚያ ምሪው፣ አለበለዚያ የሚያሳይሽ የኮንቴይነሩን ዲስክ ነው።

የሰርቨር ስም ቀላል ይመስላል። ሪሶርስ ዲቴክሽን የሚባለው የኮሌክተሩ ክፍል የሆስቱን ስም ይለጥፍልሻል፤ ፕሮሜቲየስ ግን ይህን መለያ በራሱ ወደ ሌብል (መስመሮቹን ወደሚለይበት ምልክት) አያወጣውም። እንዲያወጣው ካላዘዝሽው የሁለቱ ቅርንጫፍ ቁጥሮች አንድ መስመር ላይ ይደባለቃሉ። መጀመሪያ ግን ማሽኖቹ ሁሉ "ኡቡንቱ" የሚል ስም ይዘው እንዳልሆነ አረጋግጪ።

ከአንድ ድርጅት ጋር አለመቆራኘት ስላልሽው፣ ልክ ነሽ፣ እኔም በዚህ ጉዳይ ጽኑ አቋም አለኝ። በሰርቨር ቁጥር በዶላር የሚከፈልበት ኤጀንት የነበረበት ቦታ ሠርቻለሁ። ውሉ ሲያልቅ ለማደስ የውጭ ምንዛሬ አልተገኘም፤ ለመቀየር ደግሞ እያንዳንዱ ማሽን ላይ አንዱን ነቅሎ ሌላ መትከል፣ ዳሽቦርዱንና አላርሙን ሁሉ እንደ አዲስ መሥራት ነበር። ኦፕን ቴሌሜትሪ በ2019 ኦፕን ትሬሲንግና ኦፕን ሴንሰስ ተዋህደው የተፈጠረ፣ በክላውድ ኔቲቭ ኮምፒዩቲንግ ፋውንዴሽን ሥር ያለ ፕሮጀክት ነው፤ ብዙ ተቀባይ ሲስተሞች ኦቲኤልፒን ይቀበላሉ። ነገ ማዕከሉን ብትቀይሪ ቅርንጫፍ ላይ የምትነኪው የኤክስፖርተሩን አድራሻ ነው፤ የሜትሪኩ ስምም አብሮሽ ይሄዳል።

እንዲህ ኤጀንቱ ራሱ በሚልክበት ሲስተም ላይ ዝምታ አላርም አያስነሳም። ፕሮሜቲየስ ሄዶ ሲያነብ ማሽኑ ካልመለሰ "አፕ" የሚለው ሜትሪክ 0 ይሆናል፤ እዚህ ግን ያ የለም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሆስት 10 ደቂቃ ያህል መረጃ ሳይመጣ ሲቀር የሚጮህ ሕግ ለብቻው ጻፊ።

ሁሉም ቅርንጫፍ ላይ ከመጫንሽ በፊት አንዱ ላይ ፈትኚው። የኔትወርክ ኬብሉን ንቀዪ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ይቆይ፣ መሃል ላይ ሰርቨሩን አጥፍተሽ አስነሺ፣ ከዚያ ኬብሉን መልሺና ግራፉን እዪ። መሞላት ያለበት ሰርቨሩ በርቶ የነበረበት ጊዜ ነው፤ ያ ካልሞላ መጀመሪያ የፕሮሜቲየሱን የጊዜ መስኮት፣ ቀጥሎ የወረፋውን ፎልደር ፐርሚሽን ተመልከቺ። ከዚያም አልሆን ካለ ፓስዎርዱን አውጥተሽ ኮንፊጉን እዚሁ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።