ጥያቄና መልስ፦ በዕለት ተዕለት የእርሻ ሥራ ስለሚያጋጥሙ አደጋዎች

ጥያቄ፦ መውቂያ ማሽናችንን ከትራክተሩ ጋር በሚያገናኘው ዘንግ ላይ የነበረው የፕላስቲክ ሽፋን ከተሰበረ ቆይቷል። ማሽኑን የሚያሠራው ወንድሜ ሥራውን ለዓመታት የለመደው በመሆኑ ሽፋኑ ባይኖርም ችግር እንደሌለው ይናገራል። አደጋው በእርግጥ የሚባለውን ያህል ነው?

መልስ፦ አዎን፣ ነው። ይህ ዘንግ በተለመደው አሠራር በደቂቃ 540 ጊዜ፣ በአንዳንድ ትራክተሮች ደግሞ 1000 ጊዜ ይሽከረከራል። 540 ዙር በደቂቃ ማለት 9 ዙር በሴኮንድ ነው፤ የዘንጉ ዙሪያ 20 ሴንቲሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ የተያዘ እጅጌ ወይም የአንገት ልብስ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 1 ሜትር ከ80 ሴንቲሜትር ያህል ይጠቀለላል። ሰው መያዙን ተረድቶ ክንዱን ለመሰብሰብ ሲሞክር ልብሱ አልቆ ክንዱ ራሱ ዘንጉ ላይ ደርሷል። የወንድምዎ ልምድ ማሽኑን በአግባቡ ለመያዝ ይጠቅማቸዋል፤ የዘንጉን ፍጥነት ግን አይቀንሰውም። እንዲያውም በሚሽከረከር ዘንግ ላይ መሻገርን የሚደፍረው ብዙውን ጊዜ ለማሽኑ አዲስ የሆነው ሰው ሳይሆን ደጋግሞ ተሻግሮ ምንም ያልደረሰበት ሰው ነው።

ዘንጉ ከሩቅ ሲታይ ለስላሳ ይመስላል። መጋጠሚያዎቹ፣ ብሎኖቹና የደረቀው ጭቃ ግን አንዲት የተመዘዘች ክር ለመያዝ በቂ ናቸው። አዲሱን ሽፋን ካስገጠማችሁ በኋላ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በእጅ አዙራችሁ ሞክሩት፤ ዘንጉ ቆሞ ሽፋኑ ብቻውን በቀላሉ መዞር አለበት። የማይዞር ከሆነ ከዘንጉ ጋር ተጣብቋልና እንደሌለ ይቆጠራል። ማሽኑ በሰብል ሲታፈን በእጅ ወይም በእግር መግፋትም ያው አደጋ ነው፤ አስቀድሞ ሞተሩን ማጥፋት፣ ቁልፉን መንቀል፣ የሚሽከረከረው ሁሉ እስኪቆም መጠበቅ ያስፈልጋል። በእኔ ግምት የተሰበረ ሽፋን ሳይተካ የሚቆየው በዋጋው ምክንያት ሳይሆን በመውቂያ ወቅት ማሽኑን ማቆም ስለሚከብድ ነው፤ ስለዚህ ምርመራው ወቅቱ ከመድረሱ በፊት ቢደረግ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጎረቤታችን ፈሳሽ ፍግ የሚጠራቀምበትን ጉድጓድ ሊያጸዱ ወርደው ራሳቸውን ሳቱ፤ ሊያወጣቸው የወረደው ልጃቸውም እዚያው ወደቀ። ሁለቱም በሰው ርብርብ ተርፈዋል። ሽታው ያን ያህል የከፋ እንዳልነበረ ይናገራሉ። ከመውረድ በፊት ሻማ አብርቶ ወደ ታች ማውረድ በቂ ጥንቃቄ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም በመትረፋቸው ደስ ብሎናል፤ እንዲህ ባለ አደጋ የመጀመሪያው ሰውና ሊያድነው የገባው አብረው የሚሞቱበት ጊዜ ብዙ ነው። ሰውን የሚያዘናጋው ደግሞ ያው የሽታው ነገር ነው። ፍግ አየር በሌለበት ሲበሰብስ ከሚያመነጫቸው ጋዞች አንዱ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲሆን፣ በአነስተኛ መጠን የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው መጠን ከአንድ ሚሊዮን 100 እጅ ገደማ ሲደርስ ግን በደቂቃዎች ውስጥ የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል። ስለዚህ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ምናልባትም ጨምሯል ማለት ነው። መጠኑ ከዚህ በብዙ እጥፍ ከፍ ሲል ጥቂት ትንፋሽ ብቻ ሰውን ይጥላል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል፤ ፈሳሹ ሲበጠበጥ ደግሞ ታምቆ የቆየው በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ ጠዋት በሰላም የተወጣበት ጉድጓድ ከሰዓት በኋላ ሊገድል የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሻማ በቂ ጥንቃቄ አይደለም። የሚጠቁመው ስለ ኦክስጅን ብቻ ነው፤ እሱንም ዘግይቶ። ንጹሕ አየር 21 በመቶ ያህል ኦክስጅን ሲኖረው፣ ሻማ የሚጠፋው ኦክስጅኑ ወደ 16 በመቶ ሲወርድ ነው፤ ስለ መርዛማ ጋዝ ደግሞ ምንም አይናገርም። ከዚህ የሚብሰው፣ ከፍግ የሚወጣው ሚቴንም ሆነ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ተቀጣጣይ በመሆናቸው እሳት ወደ ጉድጓዱ ማውረድ ፍንዳታ ሊያስነሳ መቻሉ ነው። ጉድጓዱን ውጭ ሆኖ በፓምፕ ወይም ረጅም እጀታ ባለው መሣሪያ ማጽዳት እየተቻለ መውረድ አያስፈልግም። መግባት የግድ ከሆነ ሥራው የጋዝ መለኪያ፣ ንጹሕ አየር የሚያቀርብ መተንፈሻና ከላይ በሰዎች የተያዘ የሰውነት ማንጠልጠያ ገመድ ላላቸው ባለሙያዎች ይተው። የአቧራ ጭምብል ጋዝን አያግድም። ሰው ከወደቀም ርዳታ ይጠራ እንጂ ማንም ተከትሎ አይውረድ፤ ለአባትና ለልጅ ይህን ማለት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ነገር ግን ተከትሎ የሚወርደው የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው።

በነካ እጅ፣ በነዳጅ የሚሠራ የውኃ ፓምፕን በውኃ ጉድጓድ ውስጥ አስቀምጦ ማስነሳትም ተመሳሳይ አደጋ አለው። ከሞተሩ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም።

ጥያቄ፦ ልንገዛው ያሰብነው ያገለገለ ትራክተር ከወንበሩ ኋላ የሚቆመው የብረት ቅስት የለውም። መሬታችን ተዳፋት አለው። ቅስቱን ራሳችን አስበይደን ብናስገጥም ይሆናል?

መልስ፦ ቅስቱ ትራክተሩ ሲገለበጥ ሾፌሩ ከሥሩ እንዳይደፈጠጥ የሚከላከል ነው። ስዊድን በአዳዲስ ትራክተሮች ላይ እንዲገጠም ከ1959 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያስገደደች ሲሆን፣ በመገልበጥ የሚሞተው ሰው ቁጥር ከዚያ በኋላ በእጅጉ ቀንሷል። ይሁን እንጂ በተራ ብየዳ የተሠራ ቅስት የትራክተሩን ክብደት መሸከም አለመሸከሙ የሚታወቀው በአደጋው ቀን ነው፤ ስለዚህ ለዚያው ሞዴል ተሠርቶ የተፈተነውን ፈልጉ። ቅስት ባለው ትራክተር ላይ ሾፌሩ የወንበር ቀበቶ ያስራል፤ ቅስት በሌለው ትራክተር ላይ ግን አይታሰርም፣ ሾፌሩን ከሚገለበጠው ብረት ጋር ያስረዋልና። የሚጎተት ነገር ሲኖር ሰንሰለቱ ዝቅ ብሎ ካለው መጎተቻ ላይ ብቻ ይያያዝ፤ ከዚያ ከፍ ካለ ቦታ ከታሰረ የፊት ጎማዎቹ ተነሥተው ትራክተሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል፤ ይህም ሾፌሩ ፍሬን ለመያዝ ፋታ ሳያገኝ የሚያልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ጄሪካን በሳሙና ደጋግመን ካጠብነው ውኃ ብንይዝበት ይጎዳናል?

መልስ፦ ይጎዳችኋል። መድኃኒቱ ወደ ፕላስቲኩ ውስጥ ስለሚሰርግ በእጥበት ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ባዶውን ዕቃ ሦስት ጊዜ አለቅልቃችሁ እጣቢውን ወደ መርጫው ከገለበጣችሁ በኋላ፣ ማንም እንዳይገለገልበት ብሱት። መድኃኒቱን ወደ መጠጥ ጠርሙስ መገልበጥም ሕፃናትን ለሞት ሲዳርግ የኖረ ልማድ ነው። ሲቀላቀል በተለይ ተጠንቀቁ፤ ያልተበረዘው መድኃኒት ከሚረጨው እጅግ ይበረታል፣ በቆዳ በኩልም ይገባል። ከርጭት በኋላ ላብና ምራቅ የበዛበት፣ የዓይኑ ብሌን የጠበበ ወይም ጡንቻው የሚንቀጠቀጥ ሰው ካለ ልብሱን አውልቃችሁ ገላውን በብዙ ውኃና በሳሙና እጠቡት፤ እንዲያስመልስ አታስገድዱት፤ ሐኪሙ የመድኃኒቱን ዓይነት እንዲያውቅ ጽሑፍ ያለበትን መለያ ይዛችሁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።